ሰባት የወፍ እግሮች

መጀመሪያ የሰማሁት ድምጿን ነው። ከወረንጦዬ ያመለጠች ብሎን ፍለጋ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ወለሉን በመዳፌ ስዳብስ፣ ከራሴ በላይ አንዲት የእጅ ሰዓት ባንኮኒው ላይ ኳ ብላ ተቀመጠች። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲ…ክ። ሁለቱን እርምጃ ደህና ሄዳ ሦስተኛው ላይ ታነክሳለች። አሥራ አንድ ዓመት ሰዓት ሳዳምጥ ስለኖርኩ ፊቷን ሳላይ አወቅሁ። እንዲህ የምታነክስ ሰዓት ውሃ የገባባት ናት።

አባቴ ግን ከእኔ የበለጠ አወቁ።

«ይቺን የሠራኋት እኔ ነኝ» አሉ።

በሱቃችን ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተሰማ ድምፅ፣ «አዎ፣ ያንተው ናት። ታማብህ አመጣኋት» አለ።

አባቴን «አንተ» የሚላቸው ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እኔ አንቱ እላለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ሆነና ቀረ። ብሎኗን አገኘኋት፤ ግን ወዲያው አልተነሳሁም። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ የታላቅ ወንድሜን ጫማ አየሁ። ጭቃ ነክቶታል፣ የአንዱ ማሰሪያ ተፈትቷል። ከጫማው ጎን ደግሞ አንድ ትልቅ የልብስ ቦርሳ ተቀምጧል። ለሰላምታ ብቻ ብቅ ያለ ሰው ያን የሚያህል ቦርሳ አይሸከምም።

ሱቃችን ከአንድ ያረጀ ፎቅ ደረጃ ሥር ናት። ስፋቷ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ከቻለ በኋላ ያልቃል፤ ደንበኛ ቆሞ ነው የሚስተናገደው። የግራው ወንበር የአባቴ ነው፣ የቀኙ የእኔ፣ መሃላችን አንገቷ የሚታጠፍ መብራት። የቀኙ ወንበር ድሮ የወንድሜ ነበር። ያኔ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከኋላቸው የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ብሎን በየመጠኑ እለይ ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ አወለቀና፣ «እንዳንተ በቀዳዳ ሳይ ኖሬ ዓይኔን አላጠፋም» ብሎ ሄደ። አባቴም በሩን እያዩ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ያለኝ ልጅ አንድ ነው» አሉ። ያንን ቃል እንደ ስንቅ ይዤው ኖሬያለሁ። ሲከፋኝ አውጥቼ እቀምሰዋለሁ፤ እመልሰዋለሁ።

ከጠረጴዛው ሥር ስወጣ ወንድሜ አቀፈኝ። ሰውነቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ደቂቃ! ጢም አወጣህ እንዴ?»

ደቂቃ የሚለውን ስም ያወጣልኝ ፊት ለፊታችን ያለው ቁልፍ ቀራጭ ነው። «አባትህ ሰዓት፣ አንተ ደቂቃ» ብሎ ጀመረው፤ ሰፈሩ ተቀበለው። እሱን ደግሞ ሬዲዮ እንለዋለን፤ አንዴ ከከፈተ መዝጊያው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ያን ቀንም መቅረጫ ማሽኑን አቁሞ አንገቱን ወደ እኛ አስግጎ ነበር።

ወንድሜ ሌላ ከተማ ካለ አንድ ትልቅ ልብስ ማጠቢያ ቤት እንደሚሠራ፣ ሥራው መተኮስ እንደሆነ፣ እንፋሎቱ ሰው ሊያበስል ምንም እንደማይቀረው አወራ። አሁን እዚያ ሠራተኛ እየቀነሱ ነው፤ ሳይቀንሱት ቀድሞ ወጥቷል። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑ ከአባቴ ላይ አልተነቀለም። አባቴ ደግሞ ሰዓቷን ወደ ፊታቸው አስጠግተው በመብራቱ ሥር ያገላብጧታል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ቅርጽ ያያሉ እንጂ ቁጥር አያዩም። በጆሯቸው ነው የቀሩት።

«ውሃው እንዴት ገባ?» አሏቸው፤ ይቅርታ፣ አሉት። ወንድሜ ሳለ አንተና አንቱ ይምታታብኛል።

ወንድሜ ጭንቅላቱን አከከ። ሥራ ላይ እያለ ሰዓት ማየት ቀኑን ያረዝምበታል። ስለዚህ ገና ካውያውን ሲያነሳ የሰዓቷን ማዞሪያ ወደ ውጭ ስቦ ያቆማታል፤ ሲጨርስ ሰው ጠይቆ ይሞላታል። ማዞሪያ ወደ ውጭ ሲሳብ ደግሞ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። በእንፋሎት መሃል፣ በየቀኑ፣ ለሰዓታት።

አባቴ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እስኪወርድ ሳቁ። «የሰዓት ሠሪ ልጅ በሩን ከፍቶ ዝናብ ያስገባል! አንተ ጥጋበኛ!» እያሉ የወንድሜን ክንድ ይመቱታል። እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ሳምንት አያናግሩኝም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ እንደዚህ ያሳቅኋቸው ቀን አልነበረም። መሳቅ የሚችሉ ሰው መሆናቸውን እንኳ ማወቄን እንጃ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ይቺን አንተ ትሠራታለህ» አሉኝ። «ስትዘጋት የራስህን ምልክት አኑርባት።»

በእኛ ሥራ አንድ ልማድ አለ። ሰዓት የከፈተ ሰው ሳይፈርም አይዘጋም። ከኋላ ክዳኑ በውስጥ በኩል፣ ባለቤቱ በማያየው ቦታ፣ በመርፌ ጫፍ ምልክቱን ይጭርና ከጎኑ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ያሰፍራል። ነገ ሌላ ሠሪ ቢከፍተው ማን እንደነካው፣ መቼ እንደነካው ያውቃል። ጥሩ ሠርተህ ከሆነ ስምህ ነው፤ አበላሽተህም ከሆነ ስምህ ነው። የአባቴ ምልክት የወፍ እግር ነው፤ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። እኔ እስከዚያ ቀን የእሳቸውን የወፍ እግር ነበር የምጭረው። የራስህን አድርግ የሚሉኝን ቀን እየጠበቅሁ የራሴን ምልክት በደብተር ጠርዝ ላይ ስንት ሺህ ጊዜ ሥያለሁ! ሁለት ቀጥ ያሉ ጭረቶችና መሃላቸው አንዲት ነጥብ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም እንጂ፣ ሁለቱ ጭረቶች የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ነጥቧ መብራት ናት።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። የመጣው ግን በወንድሜ ሰዓት ነው። ደስታዬን ሰው እንደ ነከሰው ፍሬ ከነጥርሱ ምልክት ተቀበልኩት።

ሰዓቷን ጎትቼ ከመብራቱ ሥር አደረግኋት። አባቴ ከሦስት የሞቱ ሰዓቶች አጥንት ለቅመው የገጣጠሟት ናት፤ ቀፎዋ ከአንዱ፣ ማሽኗ ከአንዱ፣ ፊቷ ከአንዱ። የሠሯት ወንድሜ ሥራ የጀመረ ቀን ነው። እኔ ስጀምር አልተሠራልኝም፤ ትርፍ አጥንት አልቆ ይሆናል። ከመስታወቷ በታች ጉም ተኝቷል፣ በጉሙ ላይ ደግሞ ሦስት ጠብታ ተንጠልጥሏል። ሰከንድ ቆጣሪዋ ከጠብታዎቹ ጋር ስትጋጭ ነው የምታነክሰው። ክዳኗን በመፍቻው ይዤ አላቀቅኋት። የሳሙና ሽታ ወጣ። ክዳኑን ገልብጬ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አደረግሁ።

አንድ የወፍ እግር። ሰዓቷ የተሠራችበት ዓመት።

ከሥሩ ሌላ የወፍ እግር። ከሥሩ ሌላ። እንደ ዶሮ መንገድ ተሰልፈው ወደ ታች ይወርዳሉ። ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው። ከመጀመሪያው በቀር ስድስቱ ወንድሜ ከሄደ ወዲህ በየዓመቱ የተጫሩ ናቸው፤ ወራቸውም አንድ ነው፤ ዝናብ የሚያቆምበት ወር።

ያንን ወር አውቀዋለሁ። አባቴ በዚያ ወር «ዕቃ ልገዛ» ብለው ሁለት ቀን ይጠፋሉ። የሱቁን ቁልፍ በእጄ ያስይዙኛል። ምን ያህል እንደምኮራ! እስኪመለሱ መደርደሪያውን እጠርጋለሁ፣ የመብራቷን አንገት እወለውላለሁ፣ ሲመጡ ያቺን የጥቅልል ሽቦና የጎማ ቀለበት ጥቅል ከእጃቸው ተቀብዬ፣ «ደከመዎት» እላለሁ። ለካ ጥቅሏ የመንገድ ማሳበቢያ ኖራለች። ያለኝ ልጅ አንድ ነው ያሉት ሰውዬ በየዓመቱ ወደ ሌላኛው ልጃቸው እየሄዱ፣ ሰዓቱን ከፍተው እየጠረጉ፣ ጎማዋን እየቀየሩ፣ እየፈረሙ ይመለሱ ነበር። ዘንድሮ ዓይናቸው መንገድ ስለከለከላቸው አልሄዱም። እሳቸው ሲቀሩ እሱ መጣ።

የመጨረሻው የወፍ እግር ጠማማ ነው። አንድ ጣት ጎድሎታል፤ መርፌዋ አዳልጣ ሄዳለች። አምና ቁጥር ማየት ካቆሙ በኋላ ማለት ነው። በማያይ ዓይን፣ በአውቶቡስ ተጋፍተው፣ ከተማ ተሻግረው። ከስድስቱ ሁሉ ያቺን ጠማማዋን ነው የቀናሁባት።

«ምን አየህ?» አሉኝ አባቴ።

«ዝገት» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ሰው ፍቅርና ሳል አይደበቅም ይላል። ቅናት ግን ይደበቃል፤ ለዚያውም እጅን ሥራ ካስያዙት። ማሽኗን አወጣሁ፣ መስታወቷን ነቀልኩ፣ ሁሉንም ለየብቻ በንጹሕ ወረቀት ላይ ደረደርኩ። ሬዲዮ ከበር ላይ ሆኖ ሩዝ ውስጥ ክተቷት፣ የአክስቴ ልጅ ስልኩ ሽንት ቤት ወድቆ በሩዝ ነው የዳነው ብሎ መከረ። አባቴ ሩዝ ለድስት ነው፣ ሰዓት ውስጥ ዱቄት ያራግፋል አሉት። ሬዲዮም ታዲያ የስልኩን ነገር አነሳሁ እንጂ ሩዙን ማን እንደበላው አልተናገርኩም ብሎ ወንድሜን አሳቀው።

የእኛ መድኃኒት ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው ትንሽ ከረጢት ናት፤ በውስጧ እርጥበት የሚመጥ እንደ ብርጭቆ ያለ ፍሬ አለ። ከጫማ ቤቶች ለምኜ እሰበስባለሁ፣ በመጥበሻ ላይ አሙቄ አደርቀዋለሁ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል ማሰሮ ውስጥ ከሰዓቱ ማሽን ጋር ለሁለት ቀን እዘጋዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ተጨማሪ ከረጢት ልለምን ወጣሁ። ስመለስ ወንድሜ ወንበሬ ላይ ነበር። የወንበሩን ቁመት ለራሱ አስተካክሎታል። የአባቴ እጅ ትከሻው ላይ ነው፤ ሁለቱም ስለ አንድ የድሮ ደንበኛ እያወሩ ይስቃሉ። የደንበኛውን ስም አላውቀውም፤ ከእኔ በፊት የነበረ ነው።

ወንድሜ ሲያየኝ ብድግ አለ። «ና፣ ቦታህ» አለኝ።

«ተቀመጥ ወንድም ጋሼ፤ እኔ ቆሜም እሠራለሁ።»

ቆሜ ሠራሁ። አንገቴ እስኪደርቅ ቆሜ ከማሽኗ ጥርሶች ላይ ዝገት ስፍቅ ዋልኩ። ሬዲዮ ከማዶ፣ «ልጅ ሁለት፣ ወንበር ሁለት፣ አባት አንድ። ይህ ሒሳብ ለእኔም አልገጥም አለኝ» ብሎ ተጣራ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቴ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ከጀርባቸው ያለውን የእንጨት ግድግዳ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ይቺን ወደ ደረጃው ብንገፋት» አሉ፣ «ሦስተኛ ወንበር ትገባለች።»

ለእኔ መሣሪያ መስቀያ የሚሆን አንድ ክንድ ቦታ ቢገኝ ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። ያቺ ግድግዳ የፎቁ ናት፣ አትነካም ነበር መልሳቸው። ለወንድሜ ስትሆን ግድግዳዋም እግር አወጣች።

ያን ቀን ማታም እንደ ትናንቱ አልጋዬን ለእሱ ለቅቄ ወለል ላይ ተኛሁ። ምን ላድርግ፣ እንግዳ ነው፤ ታላቅ ነው። ዓይኔን ስጨፍን የወፍ እግሮቹ በጣሪያው ላይ በሰልፍ ይሄዱብኛል። እኔ ሕልም አብዝቼ የምኖር ሰው ነኝ፤ በየሰዓቱ ውስጥ የባለቤቱን ኑሮ ስፈጥር ነው የምውለው። አሁን ግን ሳልፈጥረው ሁሉ ታየኝ፦ የልብስ ማጠቢያው ጓሮ፣ የቀርከሃ ወንበር፣ አባቴ ጉልበታቸው ላይ መሃረብ ዘርግተው ሰዓቷን ሲከፍቱ፣ ወንድሜ መብራት ሲይዝላቸው። ያ መብራት የእኔ ሥራ ነበር።

ማሽኗ ማሰሮው ውስጥ ሁለት ቀን ካደረች በኋላ፣ በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ ወጣች። አባቴ ሰዓት የሚያዘጉት በቀትር ነው፤ አየሩ እርጥበቱን ጥሎ ሲደርቅ። ሌላም ሕግ አላቸው። ክዳን ስትገጥም ትንፋሽህን ያዝ ይላሉ። ሰው ሲተነፍስ የሚያወጣው ውሃ ነው፤ አንድ ትንፋሽ ቀፎ ውስጥ ከተዘጋበት መውጫ የለውም፤ በሞቀ ጊዜ ይጠፋል፣ በቀዘቀዘ ጊዜ መስታወቱ ላይ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ከውስጥ ይበላል። ይህን ሕግ የተማርኩት ከአሥር ዓመት በፊት ነው፤ ስዘጋ ልቤ እንኳ የቆመ እስኪመስለኝ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ።

አባቴ ፀሐይ ሊሞቁ ከሬዲዮ ደጃፍ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ወንድሜም አብሯቸው ወጣ። ብቻዬን ቀረሁ። ሰዓቷ አልቃለች፤ ዘይቷ ተነክቷል፣ መስታወቷ ገብቷል፣ አዲሱን የጎማ ቀለበት ቅባት ቀብቼ በቦታው አስተኝቼዋለሁ። ስታንኳኳ አዳመጥኳት። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ማነከሷን ትታለች። በሕይወቴ እንዲህ ጥርት ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

መርፌዬን አነሳሁ። ከጠማማው የወፍ እግር በታች አንድ ጭረት፣ አንድ ጭረት፣ መሃላቸው ነጥብ። ወርና ዓመት። ቀና ብዬ ወደ ውጭ አየሁ። አባቴ የወንድሜን እጅ ይዘው መዳፉን በጣታቸው ይዳብሳሉ፤ ካውያ ያቃጠለውን ቦታ ሳይሆን አይቀርም። የእኔን እጅ እንደዚያ ይዘውት አያውቁም።

ክዳኑን በግራ እጄ፣ ቀፎውን በቀኝ እጄ ይዤ ወደ አፌ አስጠጋሁ። ቀስ ብዬ፣ ሰው በክረምት መዳፉን እንደሚያሞቅ፣ ረጅም ሙቅ ትንፋሽ ውስጧ ተነፈስኩ። የማሽኗ ብረት ደብዘዝ ሲል አየሁት። ከዚያ ከደንኩና አጠበቅኋት። ሲጠብቅ ያ የታወቀው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አለቀ።

ምን አስቤ ነበር? እውነቱን ለመናገር፣ ወንድሜ ወር ሳይሞላ የሰዓቱ ፊት ላይ ጉም እንዲያይ፣ አባቴም ለእሱ የሠሯት ነገር ከውስጥ እንድትበላ፣ ይኸው ነው። ምልክቴ እዚያው ውስጥ መሆኑ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ወንድሜ ውሃ ሊጠጣ ገባ። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ብርጭቆውን ጨለጠና ሰዓቷን አየ፤ አልነካትም።

«አየሃቸው አይደል? ክዳኑ ላይ ያሉትን» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መፍቻውን በጨርቅ ጠረግሁ።

«እንዳትነግረው ብሎኝ ነው። አፍሮ ነው መሰለኝ፤ ያን ሁሉ ከተናገረ በኋላ።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «በዓመት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። ያቺንም አንድ ቀን ስለ አንተ ሲያወራ ይጨርሳታል። የደቂቃ እጅ እንዲህ ነው፣ ደቂቃ ይህን አዳነ፣ ደቂቃ ትንፋሹን ሲይዝ የሞተ ይመስላል። ከሄደ በኋላ ሳምንት ሙሉ ሸሚዝ ሳቃጥል እከርም ነበር። በቅናት፣ ሌላ ምን አለ?»

ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን እስከ ዓይኑ አልደረሰም። ልክፈታት፣ አንድ ነገር ረስቻለሁ ልል አፌን ስከፍት አባቴ በሩን በእጃቸው እየዳበሱ ገቡ። «አለቀች?» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። ወንድሜ ሰዓቷን አንስቶ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

አባቴ ወደ ጆሯቸው አስጠጓት። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

«እህ» አሉ። «እንደዚህ ሆና የተሠራች ቀን እንኳ አልሄደችም።» ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «እኔ እንዲህ አልሠራኋትም» አሉ።

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነበር።

«አባባ፣» አልኩ፣ «አንድ ጊዜ ይስጡኝና…»

«ፈተናዋን ትለፍ» አሉኝ።

ፈተናው ቀላል ነው። ሰዓቷን ከመብራቱ ሥር በሞቀች ቆርቆሮ ላይ ያስተኟታል። መስታወቱ እጅ ላይ ሞቅ ሲል አንዲት ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ መሃሉ ላይ ያኖሩበታል። በውስጧ እርጥበት ከሌለ መስታወቱ እንደጠራ ይቆያል። ካለ ግን ከጠብታዋ ሥር ክብ ጉም ይፈጠራል፤ አይዋሽም። አባቴ ቆርቆሮውን ራሳቸው አሞቁ፣ በጣታቸው ጫፍ ለኩ፣ ውሃውን በማንጠብጠቢያው ራሳቸው አንጠበጠቡ። ሃምሳ ዓመት ስለሠሩት ዓይን አያስፈልጋቸውም። ለማየት ብቻ ነው ሰው የሚሹት።

«አንተ እይልኝ» አሉት ወንድሜን። «የሠራ ሰው አይመሰክርም።»

ወንድሜ ጎንበስ አለ። እኔ ከአጠገቡ ቆሜ አየሁት፤ ከጠብታዋ በታች፣ በውስጥ በኩል፣ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ነጭ ጉም ቀስ ብሎ ሲመጣ። ድሮ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ሥራ የተማረ ሰው ነው። አዲስ ጎማ፣ ሁለት ቀን የደረቀ ማሽን፣ በቀትር የተዘጋ ክዳን፤ ከዚያ በኋላ ጉም ከየት እንደሚመጣ ለእሱ ማንም አያስረዳውም።

ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ዓይኔን ወደ ጫማው አወረድኩ። ማሰሪያው አሁንም እንደተፈታ ነው።

«ጠራ?» አሉ አባቴ።

ሬዲዮ ማዶ ማሽኑን አቆመ። ደረጃው ላይ አንድ ሰው እየወጣ ነበር፤ ኮቴውን እስከ ላይ ድረስ ሰማሁት።

ወንድሜ ጠብታዋን በእጅጌው ጠረጋት።

«ጠርቷል» አለ።

አባቴ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። «አላልኩህም? አላልኩህም?» አሉት፤ ከዚያ ወደ እኔ፣ «ምልክትህን አኑረሃል?»

«አኑሬያለሁ።»

«እሰይ። ከዛሬ ወዲያ የእኔን የወፍ እግር አትጫር። ራስህን ችለሃል።»

ወንድሜ ሰዓቷን እጁ ላይ አሰረ። እጅጌውን እስከ አንጓው ድረስ ስቦ ሸፈናትና ቁልፉን ቆለፈው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አሰረ፤ ጊዜ ወስዶ፣ በሁለት ቋጠሮ። ከዚያ ቦርሳውን ከጠረጴዛው ሥር ጎተተ። አባቴ የቦርሳውን ሸርተት ማለት ሰምተው ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ምን ፈለግህ?» አሉት። «ግድግዳውን እኮ ከሰዓት በኋላ አናጢው መጥቶ ያየዋል።»

ወንድሜ ግንባራቸውን ሳማቸው። በእኔ በኩል ሲያልፍ ወንበሬን በእጁ ይዞ ወደ ታች ተጫናት፤ ወደ ቀድሞ ቁመቷ፣ ወደ እኔ ቁመት ተመለሰች። ልጠራው ነበር። ክዳን እንደሚገጥም ሰው ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ አባቴ። «አንተ! ወዴት ነው?»

ወንድሜ ሬዲዮ ደጃፍ ላይ ሲደርስ እጁን ብቻ አነሳለት። ከዚያ ከፀሐዩ ጋር ወደ ግራ ታጥፎ ሄደ።